ዕቃው ተጭኖ ካርዱ ቀረ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ እንኳን አይደለሁም፤ የ21 ዓመት ወንድ፣ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ ስለ እርግዝና ምን አገባው?» ብትሉ አልቀየማችሁም። እስቲ ጨርሳችሁ አንብቡኝና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው በቤት ኪራይ ነው። ታላቅ እህቴ (እዚህም ቤት እንደምጠራት «እትዬ» ልበላት) ከባሏ ጋር እዚሁ አዳማ ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። አከራያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨመሩባቸው። በዚህ መሐል ባሏ የሥራ ዝውውር ደረሰው፤ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መስመር ላይ ካሉት ከተሞች ወደ አንዷ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የከተማዋ አይደለም። ቆቃም ሁን፣ መቂም ሁን፣ ባቱም ሁን፣ አርሲ ነገሌም ሁን፣ ሻሸመኔም ሁን፣ ታሪኩ ያው ነው የሚሆነው።

እትዬ በወቅቱ ሰባተኛ ወሯን እያገባደደች ነበር። ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ከአራት ዓመት በፊት የወለደቻት በኦፕራሲዮን ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን ቢቻል በምጥ መውለድ ትፈልግ ነበር። ክትትሏን የምታደርገው አዳማ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ሐኪሙን ሠፈሩ ሁሉ ያመሰግነዋል፤ እሷም ትወደዋለች። «እጁ ይባረክ፣ ሲናገር እንኳን ያረጋጋል» ትላለች። ዝውውሩ ሲመጣ ታዲያ አዲስ ሐኪም መፈለግ በሐሳቧም አልመጣም። ያሰበችው ወዲያ ሄዳ፣ ቤቱን አስተካክላ፣ ሲደርስላት ወደ አዳማ ተመልሳ እዚሁ ወልዳ፣ እማዬ እንድታርሳት ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለ ሐሳብ ነው፤ አራስ እናቷ ቤት ያምርባታል።

ዕቃ የተጫነ ዕለት እኔም ነበርኩ። አይሱዙው ግቢ ገባ፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ጄሪካኑ፣ ረከቦቱ ሁሉ ወጣ። እማዬ የምጣዱን ነገር ሦስት ጊዜ አሳሰበች፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከላይ ተጫነ። ስለ ካርድ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ምጣዱ በሰላም ገባ፤ የእትዬ የሕክምና ታሪክ ግን አዳማ ቀረ።

ምጡ ከቀጠሮዋ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ ቅዳሜ ሌሊት መጣ። ወደ አዳማ መምጣቱ ቀረና ባሏ እዚያው ከተማ ወዳለው ሆስፒታል አደረሳት። ተረኛው ሐኪምና አዋላጅ ነርሷ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ወዲያውኑ ተቀበሏት፤ ከዚያም ጥያቄ ጀመሩ። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ለምን ተደረገ? የት? ማህፀኗ የተቀደደው በየት በኩል ነው? የደም ዓይነቷስ? መጀመሪያ የተነሳችው አልትራሳውንድ ስንት ሳምንት ላይ ነበር?

የዜና አጻጻፍ ኮርስ የወሰዳችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ፤ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። እኛ እነዚህን ጥያቄዎች ብናልፍ ውጤት ይቀነስብናል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን መልስ ያጣው ጥያቄ የሁለት ሰው ነፍስ ነበር። እትዬ በእጇ የነበረው ቁጥርና የሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻ የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ናት። ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የተሰጣት ወረቀትስ? እሱን ክሊኒኩ «ኮፒ አድርገን እንመልስልሻለን» ብሎ ወስዶት ነበር። አልተመለሰም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ባሏ ነው። «ሩጥ እስቲ፣ ክሊኒኩ ጋ ሰው ካለ ጠይቅልን» አለኝ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ከየት ይምጣ? በእግሬ ነው የሮጥኩት። ጥበቃው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ በሩን ገርበብ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ካርድ ክፍሉ የሚከፈተው ሰኞ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አሉኝ። የሐኪሙ ስልክ ዝግ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሐኪምም ሰው ነው፣ ይተኛል።

ተረኛው ሐኪም የማያውቀውን ነገር ማወቅ አይችልምና ለጥንቃቄ ኦፕራሲዮን እንዲሆን ወሰነ። ደሟ እንደገና ተመረመረ፤ ሰዓት ሄደ። ሊነጋጋ ሲል ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎውም ተበላ። ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ስሄድ «ካርዱ የክሊኒኩ ንብረት ነው፣ ለማንም አይሰጥም» ተባልኩ። ማታ ላይ ግን ሐኪሟ ራሱ ለእትዬ ደውሎ ነገራት፤ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ከማህፀኗ ታችኛው ክፍል ላይ በአግድም የተደረገ ነው። ምናልባት ምጡን መሞከር ይቻል ነበር። ምናልባትም አይቻልም ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄው «ምናልባት» ነው። ከሁለት ኦፕራሲዮን በኋላ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውንም በዚያው መንገድ ማድረግ ይመርጣሉና፣ በዚያች ሌሊት የጎደለችው አንዲት ወረቀት እትዬ ወደፊት በምትወልዳቸው ልጆች ላይ ሁሉ ወስናለች ማለት ነው።

አንዲት ወረቀት ምን ታደርጋለች?

«ወረቀት ያድናል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቆይ ላስረዳ፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ሆዷ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማህፀኗ ላይ ያለውን አይናገርም። ቆዳው በአግድም ተቀዶ ማህፀኑ በቁም የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ማህፀኗ ወደ ላይ በቁም የተቀደደ ሴት ምጥ ላይ ብትቆይ ማህፀኗ የመተርተር አደጋው ከሌላዋ በብዙ ይበልጣል። ይህን የሚያውቀው ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪምና የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው።

ደሟ አር ኤች ነጌቲቭ የሆነች እናት ደግሞ ልጇ ፖዘቲቭ ከሆነ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወስደው መርፌ አለ፤ በእርግዝናዋ ጊዜም ወደ 28ኛው ሳምንት ገደማ ይሰጣል። መርፌው የሚጠብቀው የዛሬውን ሳይሆን የሚቀጥለውን ልጅ ነው። ተሰጥቷት እንደሆነ የማያውቅ ሐኪም ምን ያድርግ?

የመውለጃ ቀንም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ቀኑን ቢስት በጥቂት ቀናት ነው፤ መጨረሻው ላይ የተነሳ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። የመጀመሪያዋን ወረቀት የጣለች ሴት ምጥ ሲመጣባት «ጊዜው ደርሷል ወይስ ገና ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የላትም። በዚህ ላይ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስንተኛ ዙር ላይ እንደደረሰች፣ የደም ግፊቷ በፊት ስንት እንደነበረ ጨምሩበት። የዛሬው ግፊቷ ከፍ ማለቱ የሚታወቀው ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ነው።

ሰረን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ብለው ነበር፤ ለመሄድ በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስ፣ ደርሶ ደግሞ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት። እትዬ ሁለቱን አለፈች፤ ባሏ ሳያመነታ ወሰነ፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ነበር። የተያዘችው ሦስተኛው ላይ ነው። ያዘገያትም የሐኪም እጥረት ወይም የመድኃኒት እጦት ሳይሆን መረጃ ነው። መረጃ እኮ የኛ ሙያ ነው፤ ስለዚህ ያገባኛል ያልኩት ለዚህ ነው።

ሽቅብ መንገድ አለ፣ አግድም መንገድ የለም

ብዙ ሳብሰለስል የገባኝ አንድ ነገር አለ። የጤና ሥርዓታችን ሰውን ወደ ላይ ማሻገር ያውቃል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ሆስፒታል «ሪፈር» ይጻፋል። ሪፈር የማያውቅ የገጠር ሰው እንኳን የለም። ወደ ጎን የሚሄድ ሰው ግን ምን ይዞ ይሄዳል? ከአዳማ ወደ ባቱ፣ ከአሰላ ወደ ሞጆ፣ ከቢሾፍቱ ወደ ሻሸመኔ ሳይታመም ቤት ስለቀየረ ብቻ የሚሄደው?

የኛ አካባቢ ደግሞ የተንቀሳቃሾች አካባቢ ነው። አዳማ የሾፌር፣ የነጋዴ፣ የተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት። ሞጆ ደረቅ ወደቡ አለ፤ ዝዋይ ዳር የአበባ እርሻው አለ፤ ወንጂና መተሐራ ስኳሩ አለ። ሰው ሥራ ተከትሎ፣ ኪራይ ሸሽቶ ይዞራል። ከሚዞሩት ውስጥ ነፍሰ ጡሮች የሉም ብለን ነው እንዴ ሥርዓቱን የዘረጋነው?

«ወደ ጎን ማሻገር አይቻልም» እንዳይባል ደግሞ በዚሁ አገር የሚሠራበት ክፍል አለ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተማ ሲቀይር የማዛወሪያ ወረቀት ተጽፎለት አዲሱ ቦታ ይመዘገባል፤ የጀመረበት ቀን፣ የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ለዚያ የተቻለ ነገር ለእርግዝና የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የራሷን የክትትል መዝገብ ራሷ ትያዝ ይላል። ጃፓን ገና በ1942 ለነፍሰ ጡሮች ደብተር መስጠት ጀምራ በ1948 የእናትና የልጅ ደብተር አድርጋዋለች፤ እናቲቱ የትም ብትሄድ ደብተሯ አብሯት ነው። ከአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነፍሰ ጡሯ መዝገቧን ራሷ ይዛ ትዞራለች፤ ኬንያም የእናትና የልጅ መጽሐፍ አላት። ይህ የሀብት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጦርነት የደቀቀችው የ1948ቷ ጃፓን ባልሞከረችው ነበር።

ታዲያ ሐኪም እንዴት ይመረጥ?

እዚህ ላይ ከእትዬ ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ቤት ለመቀየር ያሰበች ነፍሰ ጡር እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ አንብቡላት።

አንደኛ፣ ከሐኪሙ በፊት የመውለጃው ቦታ ይመረጥ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ጎበዝ ሐኪም የት አለ?» ብሎ ነው። ቤት ለሚቀይር ሰው ትክክለኛው ጥያቄ «ምጥ ሲመጣ የት ነው የምሆነው?» የሚለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቀድሞ አራት የነበረውን የክትትል ጊዜ በዚያው በ2016 ወደ ስምንት አሳድጎታል፤ እስከ 12ኛው ሳምንት አንድ፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት። ቁጠሯቸው እስቲ። ከስምንቱ አምስቱ ከ30ኛው ሳምንት ጀምሮ ያሉት ናቸው። በሰባተኛ ወሯ ቤት የምትቀይር ሴት ዋናው ክትትሏ ገና ከፊቷ ነው ማለት ነው። የምትሰናበተው ሐኪም መንገድ የጀመረላት ነው፤ የሚያደርሳት ሌላ ነው። «ሲደርስልኝ ተመልሼ እመጣለሁ» ማለት ደግሞ ምጥን ቀጠሮ ማስያዝ ነው። ምጥ ቀጠሮ አያከብርም።

ሁለተኛ፣ መሄዷን ከመጀመሪያው ቀን ትናገር። እትዬ ለሐኪሟ መሄዷን ያልነገረችው «ካወቀ ችላ ይለኛል» ብላ ነው። ሐኪሙ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ የወሰደውን ወረቀት ይመልስላት ነበር።

ሦስተኛ፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ ያዋልዳሉ? የት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዳማ ውስጥ ብዙ ሴት ክትትሏን በግል ክሊኒክ አድርጋ የምትወልደው በመንግሥት ሆስፒታል ነው። ክሊኒኩና ሆስፒታሉ ደግሞ አንዱ የሌላውን ካርድ አያየውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የእርግዝና ክትትልም ሆነ ማዋለድ በነፃ ነው። ስለዚህ የግል ሐኪሟን ብትወድም እንኳን፣ በምትወልድበት የመንግሥት ተቋም አስቀድማ ካርድ ማውጣቷ ወጪው የአንድ ጠዋት ሰልፍ ነው።

አራተኛ፣ አዲሱ ከተማ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት መጋረጃ ከመስቀሏ በፊት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። «ኦፕራሲዮን የሚሠራው እዚሁ ነው ወይስ ሌላ ከተማ ነው የሚላከው? ደም አለ? አምቡላንስ የሚጠራው በየትኛው ስልክ ነው?» ትበል። በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት መልሱ «እዚህ አይሠራም» ከሆነ ማወቅ ያለባት በ32ኛው ሳምንት ነው፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት መሆን የለበትም። ቤቷ ከከተማ ራቅ ያለ ከሆነም የእናቶች ማቆያ ያለበትን ጤና ጣቢያ ጠይቃ ቀኗ ሲቃረብ እዚያ መሰንበት ትችላለች።

አምስተኛ፣ የአየሩን ለውጥ አትርሱ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ 1,600 ገደማ፣ ባቱም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ የወባ አካባቢ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ወባ ይበረታባታል፤ ለፅንሱም አደጋ ነው። ከደጋ ወርዳ የምትመጣ ሴት ከቁም ሣጥኑ በፊት አጎበሩን ታስብ። ትኩሳት ሲሰማትም «ብርድ ነው» ብላ አትተኛ፣ ትመርመር።

ስድስተኛና ዋናው፣ ወረቀቷን ትያዝ። የደም ዓይነት፣ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ፣ የደም ግፊትና የክብደት ዝርዝር፣ የክትባት ዙር፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ያለፈው ወሊድ ታሪክ፣ ኦፕራሲዮን ከነበረም ለምንና በየት በኩል እንደተሠራ። ሐኪሙ በግማሽ ገጽ ይጽፈዋል። እሱም ካልሆነ ካርዱን ባለችበት ገልጦ በስልኳ ፎቶ ታንሳው፤ ለባሏም በቴሌግራም ትላክለት። ለቲክቶክ ስንት ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ለዚህ አይሰንፍም።

የሚነሱ መከራከሪያዎች

ይህን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ሳነሳ የተቃወሙኝ ልጆች ነበሩ። እውነት ለመናገር አንዳንዱ መከራከሪያ ከብዶኝ ነበር።

«እናቶች ይጥሉታል» አለ አንዱ። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነው። የልጅ የክትባት ካርድ የሚቀመጠው የት ነው? እናት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከመታወቂያውና ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ። የእኔ የ21 ዓመቱ ካርድ ዛሬም እማዬ ጋ አለ። የልጇን ካርድ ሃያ ዓመት የምትጠብቅ ሴት የራሷን ዘጠኝ ወር አትጠብቅም ማለት እናትን አለማወቅ ነው።

«ምስጢርስ?» አለች ሌላዋ። ይሄ ጠንካራ ነው። ካርዱ ላይ የኤች.አይ.ቪ. ውጤት ሊኖር ይችላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቫይረሱ በደሟ ያለ ነፍሰ ጡር ወዲያው መድኃኒት ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ይደረጋል፤ ለልጇም የመዳኛ መንገድ ነው። ነገር ግን ባሏ፣ አማቷ ወይም አከራይዋ ወረቀቱን ቢያዩት ቤት ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ምን ይጻፍ ምን ይቅር የምትወስነው እናትየዋ ትሁን፤ ምስጢር የሆነው ነገር የባለሙያ ብቻ በሆነ ምልክት ይጻፍ ወይም ለብቻው በታሸገ ፖስታ ይሂድ። ምስጢር መጠበቅ ካርድ ክፍሉን በመቆለፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የእትዬ ምስጢር በሚገባ ተጠብቆ ነበር፤ ከሚያዋልዳት ሐኪም ጭምር።

«ወረቀቴን ስጡኝ ማለት ሐኪሙን መናቅ ነው» ያሉኝ ደግሞ እማዬ ናቸው። ይሄኛው በጥናት የሚመለስ አይደለም፤ የአስተዳደግ ነገር ነው። እኛ ሐኪም ፊት አንገት ደፍተን፣ የተነገረንን «እሺ» ብለን የምንወጣ ሰዎች ነን። ቢሆንም አጠያየቅ አለው። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እስካሁን ረድተውኛል፤ የሚቀጥለው ሐኪም ልፋትዎን እንዲያውቅልኝ ጻፍ ጻፍ አድርጉልኝ» ብትል የትኛው ሐኪም ይቀየማል? እማዬም ይህን ስነግራቸው «እንዲህ ከሆነስ ደህና» ብለዋል።

«ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒዩተር ይገባ የለም እንዴ?» ያለም አለ። ይግባ፣ ደስ ይለኛል። የአዳማው የግል ክሊኒክና የሌላው ከተማ የመንግሥት ሆስፒታል ባንድ መዝገብ እስኪነጋገሩ ድረስ ግን ምጥ አይጠብቅም። መብራት ሲጠፋም ወረቀት አይጠፋም።

ማጠቃለያ

አገራችን በዚህ ረገድ ምንም አልሠራችም ማለቴ አይደለም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንፃር የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ2000 እ.ኤ.አ. 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በ2019 በወጣው ጥናት ደግሞ ከነፍሰ ጡሮች 74 በመቶ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል አድርገዋል፤ አራትና ከዚያ በላይ ያደረጉት ግን 43 በመቶ ናቸው፤ በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ። በ74 እና በ43 መካከል የጠፉት ሁሉ ቤት ቀይረው ነው አልልም፤ ርቀት አለ፣ ሥራ መብዛት አለ፣ የባል እምቢታ አለ። ነገር ግን አንዴ መጥታ የጠፋች ሴት ወዴት እንደሄደች የሚጠይቅ፣ የሄደችበትም ቦታ ከየት እንደመጣች የሚያውቅበት መንገድ ቢኖር ከመካከላቸው የሚገኙ አይጠፉም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ነፍሰ ጡር ሲሰናበቷቸው ሳትጠይቅ የማሻገሪያ ወረቀት ይስጡ፤ ከሷ የተቀበሉትንም ኦሪጅናል ይመልሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አዲስ ተከራይ ቀበሌው ሲገባ «ነፍሰ ጡር አለች ወይ? ካርዷስ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሠፈሩን ቤት ከነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በየቤታችን ያሉትን ጠይቀን ዛሬውኑ ፎቶ እናንሳላቸው። ጋዜጠኛ ለመሆን መመረቅ አይጠበቅብንም።

እትዬ አሁን አንድ ሰማያዊ ፋይል ገዝታለች። የሁለቱም ልጆቿና የራሷ ወረቀት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አልጋው ራስጌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰሞኑን ልጠይቃት ሄጄ «ለምንድነው የሰቀልሽው?» ብላት «አከራዩ ደግሞ ጨመረ፤ ስንወጣ መጀመሪያ የሚጫነው እሱ ነው» አለችኝ።

ቸር እንሰንብት።